ዘሀራን ሐዘን አልገደላትም

እኔ ሰው ላይ ጮኬ አላውቅም። ባለቤቴ ምስክሬ ናት፤ «ያንተ ቁጣ እኮ ዶሮ አያስበረግግም» እያለች ስትስቅብኝ ነው የኖረችው። ጡረታ ከወጣሁ በኋላ ግን አንድ ነገር ሰማሁና ቁጣ ገባኝ። ገብቶም አልወጣ አለ። ቧንቧ ውሃ ሰፈር ቤቴ ደጃፍ ላይ ፀሐይ እየሞቅኩ ተቀምጬ ለብቻዬ ስነጫነጭ መንገደኛው ዞር ብሎ ያየኛል። «ጋሽ ይማም፣ ከማን ጋር ነው?» ይሉኛል የሚያውቁኝ። ከማን ጋር እንደሆነ በሁለት ቃል የሚነገር ስላልሆነ ዝም እላለሁ። እዚህ ግን ቀስ ብዬ ልናገር፤ የሚያቻኩለኝ የለም።

ትምህርቴ እስከ አራተኛ ክፍል ነው። መጀመሪያ ኮምቦልቻ አንድ ክሊኒክ ውስጥ በጽዳት ሠራተኛነት ተቀጠርኩ። ወለል ሳጥብ፣ አልጋ ስገፋ፣ ቁስል ሲጠረግ ፋኖስም ባትሪም ስይዝ ቆይቼ የቁስል ማጠብ ሥልጠና ሰጡኝና ድሬሰር ተባልኩ። ከዚያ ወደ ደሴ ተዛወርኩ። የሄድኩበትን ሆስፒታል ስም አልጠራም፤ ዛሬ እዚያ የሚሠሩት ልጆች በዚያን ጊዜ ያልተወለዱ ናቸው፤ ምን በደሉ? ደመወዙ ለጤፍ ይበቃል፣ ለቅቤ አይበቃም፤ ስለ እሱ ይሄ ይበቃዋል።

ደሴ ላይ ሥራ ያስተማሩኝ ሲስተር ብርቄ ናቸው። አጭር፣ ወፈር ያሉ፣ ጫማቸው ሲራመዱ ሲጥ ሲጥ የሚል ሴት ነበሩ። ትሪውን እኔ እይዛለሁ፣ እሳቸው ከፊት ይሄዳሉ፤ ከአልጋ ወደ አልጋ እንዲህ ስንዞር ነው ብዙ ዘመን የኖርነው።

ግሉኮስ የተሰካለት ሰው ቀርቦ ያላየ ካለ ልንገረው። ክንድ ላይ፣ ደም ስር ውስጥ የምትገባ ቀጭን የፕላስቲክ ቱቦ አለች፤ ካኑላ እንላታለን። ከውጭ በቀረው ጫፏ ላይ መድኃኒት የሚሰጥበት አፍ አላት። ያ አፍ በቀጥታ ወደ ደም የሚከፈት በር ነው። በሽተኛው ደግሞ ያንኑ ክንዱን ይዞ ይበላል፣ ሽንት ቤት ይሄዳል፣ ብርድ ልብስ ውስጥ ይከተዋል፤ ጠያቂውም እየጨበጠ ይስመዋል። እንግዲህ አንዷ መጥታ አፉን ሳታጸዳ መድኃኒቷን ሰክታ ብትገፋ፣ እዚያ ላይ የተቀመጠውን ሁሉ አብራ ወደ ልብ ላከችው ማለት ነው።

ሲስተር ብርቄ በአልኮል የራሰ ጥጥ ያነሡና ያንን አፍ በአውራ ጣታቸውና በሌባ ጣታቸው መሀል ይይዙታል። ከዚያ ማሸት ነው። እሳቸው ክርስቲያን ናቸው፤ እኔ ግን ሲያሹ ባየሁ ቁጥር አባቴ ሙስበሓውን፣ መቁጠሪያውን፣ የሚይዝበት አያያዝ ትዝ ይለኝ ነበር። አንዷ ፍሬ ላይ ደርሶ ሐሳብ እንደያዘው ሰው፣ እያሽከረከሩ፣ ጫን እያሉ፣ ፊቱንም ጎኑንም። «አፉን ብቻ ጠረግ አድርጎ መሄድ የእንግዳ እጅ ማስታጠብ ነው» ይሉ ነበር። «ውሃ ነካ አደረገው እንጂ መቼ ጸዳ?»

ምን ያህል ጊዜ ይታሻል የሚለው ግድግዳው ላይ ተለጥፏል። ሲስተር ግን ሰዓት አያዩም። የሳቸው ሰዓት ሰላምታ ነበር። አንድ ቀን ከቦሩ ሜዳ የመጡ አንድ ሽማግሌ አልጋ አጠገብ ቆመን፣

«እንዴት አደሩ አባ?» አሉ፣ ማሸቱን ጀምረዋል። «ደህና አደሩ? ሰላም አደሩ? ቤተሰቡ ደህና ነው? ልጆቹስ ደህና ናቸው? ከብቱስ? በእናንተ በኩል ዝናቡ ጣለ? ጎረቤቱ ሁሉ ሰላም ነው?»

እዚህ ላይ ጥጡን ጣሉ፤ እጃቸውንም ሰበሰቡ። ሽማግሌው ጀመሩ። «አልሃምዱሊላህ! አልሃምዱሊላህ፣ ደህና ነን። ልጆቹ ደህና ናቸው፣ ከብቱም ደህና፣ ያቺ ቦራዋ ላም ብቻ ትንሽ አመም አድርጓት ነበር፣ እሷም ተሽሏታል። ዝናቡም አላህ ይመስገን። አንቺስ ልጄ፣ እንዴት ነሽ? ቤትሽ ሰላም ነው?» ሲስተር ካኑላውን በዓይናቸው እየጠበቁ ራሳቸውን ይነቀንቃሉ። አልኮሉ ደረቀ። ያን ጊዜ ሰክተው መድኃኒቱን ቀስ አድርገው ገፉ።

ኮሪደር ላይ ስንወጣ፣ «እኔ ስጠይቅ ማሸት፣ እሱ ሲመልስ ማድረቅ። ገባህ ይማም?» አሉኝ።

«ገባኝ ሲስተር።»

«የሚቸግረኝ የአዲስ አበባ ሰው ሲመጣብኝ ነው። ‹ፒስ ነው› ብሎ ይዘጋብኛል።»

አንድ ጊዜ አንዲት ተለማማጅ አልኮሉ ቶሎ እንዲደርቅላት ብላ ካኑላው ላይ እፍ አለችበት። ሲስተር እጇን ቸብ አደረጉት። «አንቺ! አሽተሽ አሽተሽ በትንፋሽሽ መልሰሽ አቆሸሽው? ይሄ ፍም ነው እንዴ?» ልጅቱ ቀላች። በሽተኛዋም ሳቀች። ከዚያ በኋላ የዚያ ክፍል ሰዎች አንዲት ነርስ ስትቸኩል ካዩ «ፍም ነው እንዴ?» ይሏት ጀመር።

አለቃችን ግን ይሄ ሁሉ ወሬ ይመስለው ነበር። በዚያን ጊዜ እሳቸው እለው የነበረውን ሰው እዚህ ላይ እሱ እለዋለሁ፤ ለምን እንደሆነ ወደፊት ይገባችኋል። ክፉ ሰው አልነበረም። ጣሪያው ሲያፈስ ራሱ መሰላል ወጥቶ የሚያይ፣ የታመመ ሠራተኛ ቤት ሄዶ የሚጠይቅ ሰው ነበር። ነገር እንዳይነሣበት ግን ይፈራል። አንድ ጠዋት በክፍሉ ሲያልፍ ሲስተርን ከአንዲት ገበሬ ጋር ስለ ማሽላ ሲጠያየቁ አገኛቸው።

«ሲስተር፣ ይሄ ሆስፒታል ነው ወይስ ለቅሶ ቤት? ሰው እየጠበቀ አይደለም እንዴ?»

«ለቅሶ ቤት እንዳይሆን ነው ጌታዬ» አሉት፣ ቀና ሳይሉ፣ እያሹ።

አሁን ወደ ዘሀራ ልምጣ።

ዘሀራ በደጋን በኩል ካለ የገጠር መንደር የመጣች ሴት ናት። አንዲት ትንሽ ልጅ ቤት ትታ ሁለተኛውን ለመውለድ ነው የመጣችው። ምጡ ጠንቶባት ደም ፈሰሳት፤ ልጁም ደክሞ ተወለደ። ለብቻው አስተኙት። እሷ በካኑላ ደምም ግሉኮስም መድኃኒትም እየወሰደች መበርታት ጀመረች። ሳቂታ ነበረች። ሲስተር ሲጠይቋት ከመመለስ አልፋ እሷ መጠየቅ ትጀምራለች፤ «አንቺስ ሲስተር፣ ባልሽ ደህና ነው? እግርሽስ ተሻለሽ?» ትላለች፤ ካኑላዋ ከበቂ በላይ ይደርቃል።

ልጁ ሞተ።

በእኛ አገር መርዶ ዝም ብሎ አይነገርም። ለጤነኛውም እንኳ ሰው ተመርጦ፣ ጎረቤት ተሰብስቦ፣ በጠዋት ነው የሚነገረው። አልጋ ላይ ላለ በሽተኛማ ጭራሽ አይነገርም፤ ድኖ ቤቱ እስኪገባ ይደበቃል። የባሏ ወገኖች ሁሉ እንዲደበቅ ተስማምተው ነበር። ባሏ ግን በማግስቱ ገብቶ ነገራት። ለምን እንደነገራት እኛ አላወቅንም፤ አልጠየቅንም። ዘሀራ አልጮኸችም። ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች።

ከዚያ የሆነውን እዩልኝ። ሲስተር ብርቄ በመድኃኒት ሰዓት ትሪውን አስይዘውኝ መጡና ከአልጋው አንድ እርምጃ ሲቀራቸው ቆሙ። ምን ይበሏት? «እንዴት አደርሽ» ካሉ «ልጆችስ ደህና» ከኋላው መምጣቱ ነው። ያንን ዘለው «ከብቱስ» ቢሏት ደግሞ መቀለድ ነው። ሐዘንተኛ እንደማንኛውም ሰው አይጠየቅም፤ አጠገቡ ሄዶ ዝም ማለት ነው ወጉ። ሲስተርም ትከሻዋን ዳበስ አደረጉላት፣ መድኃኒቱን ሰኩ፣ ገፉ፣ ወጣን። በእግራቸው ጣት ነው የተራመዱት፤ ጫማቸው እንኳ ሲጥ አላለም።

ሌሎቹም ነርሶች እንደዚያው። ማታ የምትገባዋም፣ ቀን የምትገባዋም። ሁሉም አዘኑላት፤ ሁሉም እንዳይረብሿት ፈጠን ብለው ገብተው ፈጠን ብለው ወጡ። አፋቸው ሰላምታውን ሲተው እጃቸውም አብሮ ማሸቱን ተወው። ከሌላው አልጋ ሲደርሱ ያሻሉ፣ ይጠይቃሉ፣ ይስቃሉ። ወደ ዘሀራ ሲመጡ ዝም፣ ቶሎ፣ ውጣ። አንድም ሰው ክፋት አላሰበም። እኔን እስከ ዛሬ የሚያቃጥለኝም ይሄው ነው፤ የምቆጣው ሰው ፈልጌ በየዋህነት የተሞሉ ፊቶች ብቻ አገኛለሁ።

አንድ ከሰዓት መድኃኒቷን ከወሰደች በኋላ ብርድ ብርድ አላት። ከዚያ አልጋው ድምፅ እስኪያሰማ ድረስ አንቀጠቀጣት። ክንዷ ከካኑላው ጀምሮ ወደ ላይ በመስመር ቀልቶ ነበር። ተረኛው ዶክተር ሮጦ መጣ፤ ልጅ ነው፣ ግን ጎበዝ ነበር። ካኑላውን ሲነቅለው ከቀዳዳው መግል ወጣ።

«ሲስተር፣ በዚህ ነው የገባው» አለ፣ ቀስ ብሎ።

ሲስተር ብርቄ ካኑላውን ተቀበሉት። እያገላበጡ አዩት። ከዚያ ትሪዬ ላይ ያለውን የጥጥ ሳህን አዩት። እንደወሰድነው ነበር፤ ለእሷ ተብሎ የተነካ አንድም አልነበረም።

«አዎ ዶክተር» አሉ። «እኛው ነን ያስገባነው።»

የተቻለው ሁሉ ተደረገ። ሌላ መድኃኒት መጣ፣ ዶክተሩ ከአጠገቧ አልተነሣም። ደሟ ተመርዞ ስለነበር አልሆነም። አላህ ይርሐማት።

ሲስተርን አንሶላ የሚቀመጥበት ክፍል ውስጥ፣ የታጠፈ አንሶላ ላይ ተቀምጠው አገኘኋቸው። ጣታቸውን እያዩ ነበር።

«ይማም፣ ሁሉንም እጠይቃለሁ አይደል? የላሞቹን ስም ሁሉ አውቃለሁ አይደል?»

«አዎ ሲስተር።»

«እሷን ነው ሳልጠይቅ የቀረሁት።» ከዚያ ተነሥተው ፊታቸውን ታጠቡ። «ለቤተሰቧ እነግራለሁ። በእኛ እጅ መሆኑን ማወቅ አለባቸው።»

አለቃው ቢሮ ሄዱ። እሱ አስቀመጣቸውና፣ «አንቺ አሁን ደክመሻል፤ ለቤተሰብ መንገር የኔ ሥራ ነው፤ እኔ እነግራቸዋለሁ» አላቸው። በማግስቱ «ነገሯቸው?» ሲሉት «ጨርሰናል፤ ተረድተውኛል» አለ። አመኑት። እኔም አመንኩት። አለቃ ነዋ።

ሲስተር ከዚያ በኋላ ነርሶቹን ሁሉ ሰብስበው አንድ ነገር ደነገጉ። «የማይጠየቅ ሰው ሲያጋጥማችሁ በሆዳችሁ ጠይቁ። ሙሉውን። ከብቱንም ዝናቡንም ሳትዘሉ። እሱ አይሰማችሁም፤ እጃችሁ ይስማ።» እሳቸው ራሳቸው ሐዘንተኛ አልጋ አጠገብ ሲቆሙ ከንፈራቸው ይንቀሳቀስ ነበር። የማያውቅ ሰው ጸሎት ይመስለዋል። እኔ ግን ከንፈራቸውን እያየሁ የት እንደደረሱ አውቅ ነበር፤ አሁን ልጆቹ ጋ ደረሱ፣ አሁን ጎረቤቱ ጋ።

ብዙም ሳይቆይ «ለሥራው ጥቅም ሲባል» የሚል ወረቀት ደርሷቸው ኮምቦልቻ ወደሚገኝ ጤና ጣቢያ ተዛወሩ። የማን ጥቅም እንደሆነ ወረቀቱ አይልም። እኔም አመልክቼ ተከተልኳቸው። ኮምቦልቻ ሙቀቷ የታወቀ ነው፤ ጥጡን በአልኮል አርሰን በማሰሮ ብናስቀምጠው ከሰዓት ላይ ደርቆ ይጠብቀናል። አንዷ ደግሞ ለመቆጠብ ብላ ውሃ ጨመረችበት። ሲስተር ማሰሮውን አሽትተው መሬት ላይ ደፉት፤ ከዚያ ወዲህ ጥጥ የሚርሰው አልጋው አጠገብ፣ ሊታሽበት ሲል ብቻ ሆነ። እዚያው ሠርተው ጡረታ ወጡ፤ እዚያው ዐረፉ። ቀብራቸው ላይ ከመስጊዱም ከቤተ ክርስቲያኑም ሰው ነበር። እኔም ከዓመታት በኋላ ጡረታ ወጣሁ፤ የዘሀራ ሐዘን ከኔ ጋር ቢኖርም እውነቱ ተነግሮ ያለቀ ጉዳይ ነው ብዬ ነበር የምኖረው።

አሁን ቁጣው።

ዘንድሮ ጤና ጣቢያው ላይ ዘበኛ የነበረ ወዳጃችን ሞቶ ለተዕዚያ ደጋን ሄድኩ። ድንኳኑ ውስጥ ሽማግሌዎቹ ይነጋገራሉ። የሟች እህት ደሴ ሆስፒታል ተኝታለች፤ ይነገራት ወይስ አይነገራት ነው ነገሩ። አንድ ጎልማሳ፣ «ብትጠይቅስ? እንዴት ይዋሻል?» አለ።

የሚመሩት ሽማግሌ፣ ሼህ ኑሩ፣ እጃቸውን ዘረጉ። «ኧረ በአላህ! እንደ እንድሪስ ልታደርጋት ነው? መርዶ ተናግሮ ሚስቱን የገደለ እኮ እዚሁ ተቀምጧል።»

ሰው ሁሉ ወደ በሩ አየ። እዚያ አንድ ጸጉሩ የሸበተ ሰው ለሰው እጅ የሚያስታጥብበትን ጆግ ይዞ ቁጢጥ ብሏል። ቀና አላለም። የለመደው ነገር እንደሆነ ያስታውቃል።

አጠገቤ የተቀመጠውን፣ «ምንድን ነው እሱ?» አልኩት።

«አያውቁም? ድሮ ነው። ሚስቱ ወልዳ ደሴ ተኝታ፣ የልጁን ሞት ነገራት። በሐዘን ሞተች። የሆስፒታሉ ኃላፊ ራሱ ነው አሉ ኮሪደር ላይ ሰብስቦ፣ ‹ሐዘን ነው የገደላት፤ አልጋ ላይ ላለች ሴት መርዶ ይነገራል እንዴ?› ያላቸው። ከዚያ ወዲህ ሰው መርዶ የሚባል ነገር ሲኖር እሱን ያርቀዋል።»

«ስሟ ማን ነበር?»

«ዘሀራ።»

ወላሂ፣ ያን ጊዜ ጆሮዬ ውስጥ ድው አለ። «ጨርሰናል» ያለው ይሄን ነው! መግሉን አይቶ፣ ዶክተሩ ነግሮት፣ ሲስተር ፊቱ ቆመው «በእኛ እጅ ነው» ብለውት፣ ሄዶ ሞቷን በባሏ አንገት ላይ አሰረው። ሆስፒታሉን ለማዳን አንድ ገበሬ ሰጠ። ቀላል ነው፤ ገበሬው ምን ያውቃል? እኛ ደግሞ እዚያ ደሴ ተቀምጠን ተነግሯቸዋል ብለን እንጸልይላቸዋለን!

ተነሣሁ። እኔ ሰው ፊት ቆሜ ተናግሬ አላውቅም።

«ያ ጀማዓ፣ ሐሰት ነው» አልኩ። ጮኬ ነው መሰለኝ፤ ውጭ ያሉት ሁሉ ዝም አሉ። «ዘሀራን ሐዘን አልገደላትም። እኔ እዚያ ነበርኩ። ትሪውን የያዝኩት እኔ ነኝ።» ከዚያ ሁሉንም ተናገርኩ። ካኑላውን፣ ጥጡን፣ ሰላምታውን፣ መግሉን።

ሼህ ኑሩ፣ «ይማም፣ ቀደር ነው፤ ቀኗ ደርሶ ነው። የሞተን ማን ይመልሰዋል?» አሉኝ፣ በለሆሳስ።

«ቀደር መሆኑንማ አምናለሁ ሼህ። ቀደር ከሆነ ታዲያ እሱን ለምን ገዳይ አላችሁት? ለሆስፒታሉ ሲሆን ቀደር፣ ለእንድሪስ ሲሆን ጥፋት?»

ጺማቸውን ይዘው መሬት መሬት አዩ።

እንድሪስ ጆጉን አስቀምጦ ወደኔ መጣ። ፊቱ ላይ ደስታ አያለሁ ብዬ ጠብቄ ነበር መሰለኝ፤ አላየሁም።

«ጥጡ የት ነበር?» አለኝ።

«ትሪው ላይ።»

«ከእሷ ይርቃል?»

«አይርቅም። ክንዷ አጠገብ ነው።»

አንገቱን ደፋ። ከዚያ እንዲህ አለ። «እጄን ይዛ ‹ልጁ አለ?› አለችኝ። ዘሀራን ዋሽቻት አላውቅም፤ ያን ቀን ልጀምር አልቻልኩም። ይኸው ነው ያደረግኩት። ይሄን ሁሉ ዘመን ‹ምናለ ብዋሻት› እያልኩ ነው የምሰግደው።» ክንዴን ያዘኝ፣ ጠንከር አድርጎ። «ለእነዚህ ነገርካቸው፤ አላህ ይስጥህ። እነዚህ ግን ምኔም አይደሉም። ልጄ አለች። ለእሷ ንገርልኝ።»

ያቺ ቤት የቀረችው ትንሽ ልጅ ናት፤ ሰዓዳ ትባላለች። በእናቷ ወገን ነው ያደገችው። አባትሽ እናትሽን በምላሱ ገደላት እየተባለች። ኒካሗ ሲታሰር እንኳ አባቷ በሕይወት እያለ ወሊይ፣ ዳሪዋ ሆኖ የቆመላት አጎቷ ነው፤ «ውክልና ስጥና አትግባ» ተብሎ ሰጥቶ ከደጅ ተመለሰ። ኮምቦልቻ ትኖራለች፣ ከደጋን በሚኒባስ ቅርብ ናት፣ ቤቷን ግን ረግጦት አያውቅም።

በማግስቱ አብረን ሄድን። በመንገድ ላይ እኔ በመስኮቱ እያየሁ አለቃዬን እየተሟገትኩት ነበር። የት እንዳለ አላውቅም፤ ጡረታ ወጥቶ አዲስ አበባ ነው ይላሉ። ባገኘው አልሰድበውም። አጠገቤ ያለው ሰው ጉልበቱ ላይ ያስቀመጣቸውን እጆች እይ ብቻ እለዋለሁ።

ሰዓዳ ቤት ደጃፍ ስንደርስ እንድሪስ አጥሩ ጥግ ቆመ። «አንተ ግባ» አለኝ።

ገባሁ። ልጅ አዝላ በር የከፈተችልኝ ሴት የዘሀራ ፊት ነበራት፤ ያው አገጭ። ሙሉውን ሰላምታ ጠየቅኳት፣ ምንም ሳልዘል፤ እሷም መለሰችልኝ። ከዚያ ማን እንደሆንኩ ነገርኳት፣ እናቷን እንዳወቅኳት፣ ምን እንደገደላት። የካኑላ አፍ የትኛው እንደሆነ ለማሳየት የራሴን ክንድ ዘርግቼ በጣቴ አሳየኋት። ቆማ ነው የሰማችኝ። ጀርባዋ ላይ ያለው ሕፃን ሲነጫነጭ እንኳ አላባበለችውም።

«ለምን ዛሬ?» አለች። ድምፅዋ ውስጥ ቁጣ ነበር።

«የሰማሁት ትናንት ነው ልጄ። ተነግሯችኋል ብለን ነበር።»

«አጎቴን እኮ ነው ያቆምኩት» አለች። «ኒካሔ ላይ። ደጅ ድረስ መጥቶ ነበር፤ ‹አይግባ› ያልኩት እኔ ነኝ።» ነጠላዋን ፊቷ ላይ አደረገች፣ ወዲያው ደግሞ አወረደችው። «ማነው ያ ሰውዬ? ስሙን ንገሩኝ! ልሂድና ልጠይቀው፤ እናቴን ማጣቴ አልበቃው ብሎ አባቴንም ለምን?»

ስሙን ነገርኳት። ለእሷ ይገባታልና ነገርኳት። ከዚያ፣ «አባትሽ ደጅ ነው» አልኳት።

ወጣች። እሱ እንደተውኩት አጥሩ ጥግ ነው፤ ኮፊያውን አውልቆ በእጁ ይዟል። በመሃላቸው አንድ ባጃጅ አለፈች። አንዳቸውም አልተንቀሳቀሱም። የሚባባሉት የጠፋቸው መሰለኝ፤ ሲስተር ብርቄ ከዘሀራ አልጋ አንድ እርምጃ ላይ የቆሙትን አቋቋም ነው ያየሁት።

«እንዴት ዋልክ አባ?» አለች።

«አልሃምዱሊላህ።»

«ደህና ዋልክ? ሰላም ነህ? ጤናህስ? ከብቱ ደህና ነው? ዝናቡ ጣለ በእናንተ በኩል?»

«አልሃምዱሊላህ፣ ጥሏል» አለ። «ከብቱም ደህና ነው። አንቺስ? ልጆቹ... ልጆቹስ ደህና ናቸው?»

«ደህና ናቸው አባ። ይኸውልህ።»

እኔ በሩ ላይ ቆሜ ነበር። ቁጣዬ አልለቀቀኝም፤ እንደሚለቀኝም አላውቅም። ዝቅ ብዬ ሳይ ግን ቀኝ እጄ ላይ አውራ ጣቴና ሌባ ጣቴ ለብቻቸው እየተሻሹ ነው፣ ጫን እያሉ፣ እየተሽከረከሩ። ሰላምታቸው እስኪያልቅ ድረስ አላስቆምኳቸውም።